የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞችን ለአጠቃቀም ምቹ ማድረግ፦ ተጠቃሚና ዴቨሎፐር አብረው ሲሠሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በብዛት ከሊብሬኦፊስ የተወሰዱ ናቸው፤ ሊብሬኦፊስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ መሥራት የማያውቅ አንባቢ የለም፤ የፕሮጀክቱም የሥራ ሂደት ከሪፖርት እስከ ውሳኔ ድረስ ለሁሉም ክፍት ነው። የሌሎች ፕሮጀክቶች አሠራር በስምና በቅርጽ ቢለይም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአጠቃቀም ችግር ከተራ ባግ በምን ይለያል?

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ካላደረገ ባግ ነው። የታዘዘውን እያደረገ ሰውየው ግን ማዘዣውን ካጣው፣ ወይም ያዘዘውና የሆነው ለየቅል ከመሰለው፣ የአጠቃቀም ችግር ነው። «ሴቭ» ሲሉት የሚዘጋ ፕሮግራም ባግ አለበት። ሴቭ የተደረገው ፋይል የት እንደገባ ሰው ሁሉ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ደህና ነው፣ ችግር ያለበት ንድፉ ነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ማስረጃ ላይ ሲደረስ ነው። ባግን አንድ ሰው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ካየው ተረጋገጠ ማለት ነው። የአጠቃቀም ችግር ላይ ግን ዴቨሎፐሩ ሞክሮት «እኔ ጋ ይሠራል» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ እሱ ጋ በእርግጥ ይሠራል። ስለዚህ የሚቀርብለት ማስረጃ የተለየ መሆን አለበት፦ ማን፣ ምን ሊሠራ ሲል፣ የት ላይ ቆመ።

ፕሮግራሚንግ አላውቅም። ምን ላበረክት እችላለሁ?

ዴቨሎፐሩ ሊኖረው የማይችለውን ነገር። ቁልፉን እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ስለሆነ የት እንዳለ እንደማያውቅ ሆኖ ሊያየው አይችልም። እርስዎ ደግሞ የሚሠሩትን ሥራ፣ የተቸገሩበትን ቦታና እዚያ ሲደርሱ የጠበቁትን ነገር ያውቃሉ። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ኮድ የማያውቅ ሰው የጻፈው ሪፖርት ከብዙ የኮድ ማስተካከያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ፕሮጀክት ይህን ገና ከጥዋቱ ተረድቶታል። የመጀመሪያው አጭር ፊልሙ ከወጣበት ከ2006 ጀምሮ አምስተርዳም ውስጥ አኒሜሽን ሠሪዎችንና ዴቨሎፐሮችን በአንድ ፊልም ዙሪያ አብሮ ሲያሠራ ቆይቷል። አርቲስቱ ዛሬ ያማረረበትን ነገር ዴቨሎፐሩ እዚያው ያየዋል። አብዛኛው ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው በጥንቃቄ የተጻፈ ሪፖርት ነው።

ሪፖርቱን የት ነው የማስገባው? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጽፌ ነበር።

ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ቅሬታ በማግስቱ በሌላ ወሬ ይሸፈናል፤ ዴቨሎፐሩም አያየውም። ግሩፑ የሚጠቅመው «እናንተም ጋ እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ለመጠየቅ ነው። መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ሰው ወደ ፕሮጀክቱ መመዝገቢያ ያስገባዋል። የሊብሬኦፊስ መመዝገቢያ ባግዚላ ነው። የጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያ) እና የግኖም (የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ጊትላብ ላይ፣ የኪማን (የኪቦርድ ፕሮግራም) ደግሞ ጊትሃብ ላይ ይገኛል።

ከዚያ በፊት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በተለይ አማርኛ ላይ። ያንኑ ጽሑፍ ፋየርፎክስ ውስጥ ይጻፉት። እዚያም ከተበላሸ ችግሩ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሳይሆን የኪቦርዱ (ኪማን ወይም አይባስ) ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፎንቱን ይቀይሩ፤ ከተስተካከለ ጉዳዩ የፎንቱ ሠሪዎች ነው። ሜኑ ላይ ያለው ቃል ስህተት ከሆነ ደግሞ የሚታረመው በትርጉም መድረኩ ነው፤ ለሊብሬኦፊስ ዌብሌት ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 በቨርዥን 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ምልክቶች ክምር ሆኖ ቢከፈት የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። እንዲህ ያለ ሪፖርት «ባግ አይደለም» ተብሎ ይዘጋል፤ መዘጋቱም ትክክል ነው።

ጥሩ ሪፖርት ምን ይመስላል?

በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። ርእሱ «ፍለጋው አይሠራም» የሚል ሪፖርት ማንም አይከፍተውም። ያው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል (ራይተር የሊብሬኦፊስ የጽሑፍ መሥሪያ ነው)፦

> ርእስ፦ ራይተር፣ ፈልግና ተካ፦ «ሰላም» ሲፈለግ «ሠላም» ተብሎ የተጻፈው አይገኝም
>
> ልሠራ የፈለግኩት፦ ሦስት ሰዎች ተቀባብለው በጻፉት ረጅም ቃለ ጉባኤ ውስጥ አንድ ስም የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ ማግኘት።
>
> ደረጃዎች፦ 1. የተያያዘውን ፋይል መክፈት። 2. ፈልግና ተካን መክፈት። 3. «ሰላም» ብሎ መጻፍ። 4. «ሁሉንም ፈልግ» ማለት።
>
> የሆነው፦ በሰ የተጻፉት ብቻ ተመረጡ። በሠ የተጻፉት ታለፉ።
>
> የጠበቅኩት፦ ሁለቱም እንዲመረጡ። በአማርኛ ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ያው ስም በተለያየ ፊደል ይጻፋል። ለጃፓንኛ በድምፅ የሚመሳሰሉትን አብሮ የሚፈልግ አማራጭ እዚሁ መስኮት ላይ አለ።
>
> ለጊዜው የምጠቀምበት ዘዴ፦ ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን (በምልክት የሚገለጽ ፍለጋ) አብርቶ [ሰሠ]ላም ብሎ መፈለግ። ይህን ግን የቢሮ ጸሐፊዎች አያውቁትም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች ልብ ይበሉ። ለጃፓንኛ ተመሳሳይ ነገር መኖሩ መጠቀሱ ዴቨሎፐሩ ኮዱን ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል። ጊዜያዊ ዘዴው ደግሞ ችግሩ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል።

ከዚህ ጋር የቨርዥን መረጃ ይለጠፋል። «ሄልፕ» ውስጥ «አባውት» የሚለውን ሲከፍቱ ከቨርዥን መረጃው አጠገብ መቅጃ ቁልፍ አለ፤ አንዴ ሲጫኑት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ የአካባቢ ቋንቋውንና የሜኑውን ቋንቋ ጨምሮ ሁሉንም ይቀዳል። «የመጨረሻው ቨርዥን ነው» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ሪፖርቱ ከዓመት በኋላ ሲነበብ የመጨረሻው ሌላ ሆኗል።

ከመላክዎ በፊት «ሄልፕ» ውስጥ ካለው «ሴፍ ሞድ» ገብተው ይሞክሩት። እዚያ ችግሩ ከጠፋ የተበላሸው የእርስዎ የግል ሴቲንግ ነው። አንድ ሪፖርት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ አምስት ቅሬታ የታጨቀበት ሪፖርት አንዱ ተፈትቶ አራቱ ሲቀሩ ይዝጉት አይዝጉት ማንም አያውቅም። የሚያያዘው ፋይል ለዓለም ሁሉ የሚታይ መሆኑንም አይርሱ። የደመወዝ ዝርዝር፣ ስምና ማኅተም ያለበትን ሰነድ ቅጂ አድርገው ጽሑፉን ይቀይሩ፣ ገጹንም ይቀንሱ፤ ከዚያ ችግሩ አሁንም መታየቱን አረጋግጠው ይላኩ።

መፍትሔውን ራሴ ባቀርብ ምን ችግር አለው?

ማቅረብ ይቻላል፤ ከችግሩ በኋላ ከሆነ። ቀድሞ መፍትሔው ብቻ ከመጣ ውይይቱ በመፍትሔው ላይ ይሆንና ችግሩ ይረሳል።

ብዙ ተማሪ የሚቸገርበትን እንይ። የመመረቂያ ጽሑፍ ተሠርቷል፤ ሽፋኑ ቁጥር እንዳይኖረው ተደርጎ ሁለተኛው ገጽ ከ1 እንዲጀምር ታዝዟል። ሲታተም በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ባዶ ወረቀት ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ በዲሊት አይጠፋም። ተማሪው «ባዶ ገጽ ማጥፊያ ቁልፍ ጨምሩ» ብሎ ይጽፋል። ቁልፉ ቢጨመር የሚያጠፋው ነገር የለም። ራይተር ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እንዲውል ያደርጋል፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ግን የግራ ገጽ ስለሆነ 1 ቁጥርን ወደ ቀኝ ለማሳለፍ መሐል ላይ ባዶ ገጽ ያስገባል። ለመጽሐፍ ይህ ትክክል ነው። በአንድ በኩል ብቻ ለሚታተም ወረቀት ደግሞ ትርፍ ነው። በራስ ሰር የገቡ ባዶ ገጾችን አለማተም የሚል ምርጫ በሕትመት ሴቲንጉ ውስጥ አለ፤ ችግሩ ማንም እዚያ አይፈልገውም።

ሪፖርቱ «ሽፋኑ ያለ ቁጥር ሆኖ ቀጣዩ ከ1 እንዲጀምር ፈልጌ ሳትም ባዶ ወረቀት ወጣ» ቢል ኖሮ፣ ዴቨሎፐሩ በስክሪኑ ላይ ባዶውን ገጽ ማሳየት ወይም ቁጥሩ በሚቀየርበት መስኮት ላይ ማስጠንቀቂያ ማኖር ሊያስብ ይችል ነበር። ቁልፍ ጨምሩ የሚለው ይህን መንገድ ይዘጋዋል። «እንደ ወርድ አድርጉት» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ ወርድ ውስጥ ምኑ ሥራዎን እንዳቀለለው ቢጽፉ ነው የሚረዳው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ ብጽፍስ?

አንባቢ አያገኝም። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥር የተሰጣቸው ደረጃዎችና ስክሪንሾት ካሉ ግን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ይበቃል። በጉግል ትራንስሌት መጠቀምም ነውር የለውም፤ የሜኑ ስሞችን ብቻ አያስተርጉሙት፤ ሌላ ቃል ይሰጥዎትና ዴቨሎፐሩ ሜኑውን ፈልጎ ያጣዋል። ከ«ኦፕሽንስ» ውስጥ የሜኑውን ቋንቋ ለጊዜው ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው ስሙን እንዳለ ይገልብጡት። የአማርኛ ፊደል ያለበት ምሳሌ ሲሰጡ ጽሑፉን ራሱን ይለጥፉ፤ ምስል ብቻ ከሆነ ቋንቋውን የማያውቀው ዴቨሎፐር ሊሞክረው አይችልም።

ሪፖርት አደረግሁ። «ኒድኢንፎ» ተባለ፤ ከዚያ ራሱ ተዘጋ። ለምን?

ይህ የብዙ ጥሩ ሪፖርቶች መቀበሪያ ነው። በሊብሬኦፊስ ባግዚላ አዲስ ሪፖርት «አንኮንፈርምድ» ሆኖ ይጀምራል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ካየው «ኒው» ይሆናል። ተጨማሪ መረጃ ከተፈለገ «ኒድኢንፎ» ይባላል። ስድስት ወር መልስ ካልመጣ አስታዋሽ ይላካል፤ አንድ ወር ያህል ተጠብቆ በመረጃ እጥረት ይዘጋል።

ብዙ ሰው መልሱን ይጽፍና ሁኔታውን ሳይቀይር ይሄዳል። ጥያቄው በጽሑፍ ተመልሷል፤ መዝገቡ ግን አሁንም «ኒድኢንፎ» ነው፤ ስለዚህ የማረጋገጥ ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ አይወጣም። መልስ ከሰጡ በኋላ ሁኔታውን ራስዎ ወደ «አንኮንፈርምድ» ይመልሱት። ተዘግቶም ከሆነ መክፈት ይቻላል።

የአጠቃቀም ጉዳይ ሲሆን «ኒድስ ዩኤክስ ኢቫል» የሚል መለያ ይጨመርበታል። ይህ መለያ ጉዳዩን ወደ ዲዛይን ቡድኑ ይመራዋል፤ ኮድ ከመጻፉ በፊት ምን መሆን እንዳለበት እዚያ ይመከርበታል። «እኔም» የሚል አስተያየት አይጻፉ፤ ስምዎን ተከታታዮች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ይህ ይቆጠራል፣ የሌላውንም ኢሜይል አያጨናንቅም።

ከተስተካከለ በኋላም እኔ ጋ አልደረሰም። ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሊብሬኦፊስ በዓመት ሁለት ትልልቅ ቨርዥን ያወጣል፤ ከ2024 ጀምሮ ቁጥራቸው ዓመትና ወር ነው (24.2፣ 24.8 እያለ ይቀጥላል)። በመካከል የሚወጡት ትንንሾቹ ባግ ብቻ ያርማሉ። በሜኑ ላይ ያለ ጽሑፍን የሚቀይር ማሻሻያ ትርጉም ሁሉ እንደገና ስለሚያስፈልገው ትልቁን ቨርዥን ይጠብቃል። በዚህ ላይ የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽንዎ የቆየ ቨርዥን የሚይዝ ከሆነ ሌላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይጨመርበታል።

ድሮ ደህና የነበረ ነገር በአዲሱ ቨርዥን ከተበላሸ?

እንዲህ ያለው ቅድሚያ ያገኛል፤ እርስዎም ኮድ ሳያውቁ ጥፋተኛውን ለውጥ ማግኘት ይችላሉ። ቢቢሴክት ይባላል፦ ተገንብተው የተቀመጡ ቨርዥኖች ይወርዳሉ፤ መሐለኛው ተከፍቶ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ይባላል፤ ከዚያ ግማሹ ይጣላል። ከ1,000 ቨርዥን ውስጥ በ10 ሙከራ አንዱ ላይ ይደረሳል። ማውረጃው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅዎን አይተው ይጀምሩ። ካልተቻለ በየትኛው ቨርዥን ይሠራ እንደነበር መጻፉ ብቻም ትልቅ እርዳታ ነው።

ሐሳቤን አልተቀበሉትም። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ምክንያቱን ያንብቡ። ጊምፕ 2.8 በ2012 ሲወጣ «ሴቭ» የራሱን የፋይል ዓይነት ብቻ እንዲያስቀምጥ ተደረገ፤ ጄፔግና ፒኤንጂ ወደ «ኤክስፖርት» ተዛወሩ። ቁጣው ከባድ ነበር። ዴቨሎፐሮቹ ግን አልተመለሱም፦ ጄፔግ ሆኖ የተቀመጠ ሥራ ሌየሮቹን (ተደራርበው የተሠሩትን የሥዕል ንብርብሮች) ያጣል፤ «ሴቭ» የሚለው ቃል ደግሞ ምንም እንዳልጠፋ ያሳምናል የሚል ነበር መከራከሪያቸው። አንድ ፎቶ ከፍቶ ቆርጦ ለሚያስቀምጥ ሰው ለውጡ ትርፍ ድካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ግን ሥራውን ያድንለታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ምርጫው ፕሮግራሙ ለማን ነው የሚለው ላይ ነው፤ ያንን የሚወስኑት የሚሠሩት ናቸው።

ውሳኔ የሚያስለውጠው አዲስ ማስረጃ ነው፦ ያልታሰበ የሥራ ዓይነት፣ ሰዎች ሲቸገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ወይም በዚያው ምክንያት የተዘጉ ተመሳሳይ ሪፖርቶች ብዛት። ያንኑ ክርክር በድምፅ ጨምሮ መድገም ተቃራኒውን ያመጣል። በፈቃዱ ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ከተሰደበ የሚቀርበት ነገር የለም፤ ላፕቶፑን ዘግቶ ይተኛል።

ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት ማብሪያ ማጥፊያ ቢጨመርስ?

አንዳንዴ ይሆናል። ብሌንደር 2.80 በ2019 ዕቃ መምረጫውን ከቀኝ ክሊክ ወደ ግራ ክሊክ ሲያዞር የለመዱት በቀኙ መቀጠል እንዲችሉ ምርጫውን አቆይቶላቸዋል። የብዙ ዓመት የእጅ ልማድ ስለነበር ተገቢ ነው።

ሁልጊዜ ግን አይሆንም። አሥር ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ፕሮግራም 1,024 ዓይነት ሁኔታ አለው፤ ሁሉንም የሚሞክር የለም። ሊብሬኦፊስም ከባህላዊው ሜኑ ጎን በ6.2 (በ2019) በታቦች የተከፋፈለውን ገጽታ አጽድቆ ሲያወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣ እያንዳንዱ አዲስ ትእዛዝ በየገጽታው ቦታ ሊፈለግለት ግድ ሆኗል። በእኛ ግምት ከአሥር የ«ምርጫ ይጨመር» ጥያቄ አብዛኛው የሚነሣው ፕሮግራሙ ሲጫን አብሮት የሚመጣው አሠራር (ዲፎልቱ) ጥሩ ስላልሆነ ነው፤ እሱን ማስተካከል ይቀድማል።

በራሳችን ሰዎች ላይ ሙከራ ማድረግ እንፈልጋለን። እንዴት ይደረጋል?

አምስት ሰው ይበቃል። የአጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 ያስፋፋው ስሌት አንድ ተሞካሪ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን፣ አምስት ደግሞ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ ይላል። ቁጥሩ እንደየፕሮግራሙ ይለዋወጣል፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል። እንዲያውም ሦስት ሰው ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ ሌላ ሦስት መሞከር ይሻላል።

ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይመድቡ፤ ከአምስት ያልበለጠ ሥራ ይስጡት። ሥራው ሜኑው ላይ ባለው ቃል አይጻፍ። «ሄደር አስገቡ» ካሉ የሚሞከረው የማንበብ ችሎታ ነው፤ «የመሥሪያ ቤቱ ስም በሁሉም ገጽ አናት ላይ እንዲወጣ ያድርጉ» ይበሉ። ሰውየው የሚያስበውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር ይጠይቁት። «ይህ ነው አይደል?» ሲልዎት «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?» ብለው ይመልሱለት እንጂ አይጠቁሙት። ዝም ማለት ከሁሉ ይከብዳል። ስክሪኑን በኦቢኤስ ስቱዲዮ ይቅረጹ፤ ፈቃዱን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

እኛ አገር አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይሉኝታ። ተሞካሪው ሃያ ደቂቃ ሲቸገር ቆይቶ «እንዴት ነው?» ሲባል «በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ኮምፒውተር ስለማልችል ነው እንጂ» ይላል። ስለዚህ ከሚለው ይልቅ እጁ የሄደበትን ይመዝግቡ፦ መጀመሪያ የከፈተው ሜኑ የቱ ነው? የት ላይ ቆመ? ተመልሶ ወጣ? ጨረሰ፣ በችግር ጨረሰ ወይስ ተወው? አለቃና ሠራተኛን በአንድ ክፍል አይሞክሩ። ለትላልቅ ሰዎች «የምንፈትነው ፕሮግራሙን ነው» ብሎ መንገር ጥሩ ነው፤ ብዙም ባያምኑዎት።

ለዴቨሎፐሮች የሰዓት ቪዲዮ አይላክም። አንድ ገጽ ጽሑፍና ችግሩ የታየባቸው 20 እና 30 ሰከንድ ቁራጮች ይበቃሉ። ሦስት ሰው በተከታታይ የተሳሳተ ሜኑ ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ ረጅም ክርክር ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ለምን? ፕሮግራሙ ራሱ አጠቃቀማችንን ቢቆጥር አይቀልም?

ቁጥሩ ስንት ሰው እንደተጫነው ይነግራል፣ ለምን እንደተጫነው አይነግርም። በስህተት ተከፍቶ ወዲያው የተዘጋ መስኮት «ተወዳጅ» መስሎ ይቆጠራል። የኦፕን ሶርስ ተጠቃሚም መረጃው ሳይጠየቅ መሄዱን አይወድም፤ በ2021 ኦዳሲቲ (የድምፅ ማቀናበሪያ) ላይ የጉግልና የያንዴክስን መቁጠሪያ ለመጨመር የቀረበው ሐሳብ በተቃውሞ ምክንያት ቀርቷል። ተጠቃሚው ራሱ ሲያበራው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ለሙከራው ጥሩ ማሟያ ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የተለዩ ችግሮች የትኞቹ ናቸው?

ትልቁ ተቆራርጦ የተሠራ ዓረፍተ ነገር ነው። ዴቨሎፐሩ «ደምስስ» የሚለውን ቃል፣ የፋይሉን ስምና የጥያቄ ምልክቱን በኮድ ካጣበቃቸው በእንግሊዝኛ ያምራል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ተርጓሚው ምንም ቢያደርግ ቅደም ተከተሉ ይጣመማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሙሉው ዓረፍተ ነገር %1 የሚል ቦታ ያዥ ይዞ ለትርጉም ይቅረብ፤ ተርጓሚው «%1 ይደምሰስ?» ይለዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኙ የትርጉም ስህተት ብለው አይለፉት፤ ለዴቨሎፐሮቹ የሚገባ ባግ ነው።

የብዙ ቁጥር ሕጉም ይሳሳታል። በእንግሊዝኛ 0 ብዙ ቁጥር ይወስዳል። በዩኒኮድ ሲኤልዲአር (የየቋንቋው ሕግ መዝገብ) በተመዘገበው የአማርኛ ሕግ 0 እና 1 ነጠላ ናቸው፤ ብዙ የሚሆነው ከ1 ሲያልፍ ነው። የትርጉም ፋይሉ ራስጌ ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ ከሆነ «0 ፋይሎች» ይላል።

በሜኑ ላይ ከፊደል በታች የሚሰመረው የኪቦርድ አቋራጭ ሌላው ነው። መስኮትና ሜኑ መሥሪያ ከሆኑት ላይብረሪዎች በኪዩቲ በተሠሩ ፕሮግራሞች በ&፣ በጂቲኬ በተሠሩት በ_ ምልክት ይታዘዛል። ምልክቱ ከግዕዝ ፊደል ፊት ከተቀመጠ አቋራጩ አይሠራም ማለት ይቻላል፤ አንዱን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋልና። ጃፓኖችና ቻይናዎች ከቃሉ በኋላ የላቲን ፊደል በቅንፍ ያስቀምጣሉ፤ ለአማርኛም የሚሻለው ይኸው ነው። በአንድ ሜኑ ውስጥ ያው ፊደል እንዳይደገም ብቻ ይታይ።

ቁመቱ በፒክስል የተወሰነ ቁልፍ ደግሞ የ«ቧ» እና የ«ጯ»ን እግር ይቆርጣል። ይህን ሲዘግቡ የፎንቱን ስምና የስክሪኑን ማጉያ (125 ነው 150 በመቶ) ይጨምሩ። የሰዓት ነገርም አለ፦ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አይሲዩ የተባለው የጋራ ላይብረሪ ይደግፋል፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ግን ፕሮግራሙ ለብቻው ካልሠራው በስተቀር በትርጉም ብቻ አይፈታም፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ኮዱ ነው።

ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ቦታ አላቸው?

ከፊት ያሉ ናቸው። ኤንቪዲኤ የተባለውን የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ በ2006 የጀመሩት ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ አውስትራሊያውያን ናቸው። አብሮት የሚሠራው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፤ ማጥበቅና ማላላት ላይ ግን ይቸገራል፤ ፊደላችን ስለማይለየው «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው አያውቅም። ስህተት ሲዘግቡ ቃሉን፣ ያለበትን ዓረፍተ ነገር፣ እንዴት እንደተነበበና እንዴት መነበብ እንዳለበት ይጻፉ። የአነባበብ ሕጎቹ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለተቀመጡ ማረሙ ከባድ ፕሮግራሚንግ አይጠይቅም።

ዴቨሎፐር ነኝ። እኔስ በበኩሌ ምን ላድርግ?

«ራስህ ሠርተህ ላክ» አይበሉ፤ ያ መልስ ሪፖርቱንም ሰውየውንም ያጠፋል። አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው «ምን ሊሠሩ ነበር?» ይሁን። ከኮዱ በፊት የመስኮቱን ረቂቅ ሥዕል ያሳዩ፤ ሥዕል መለወጥ ደቂቃ ነው፣ የተጻፈ ኮድ መጣል ግን ያማል። ሐሳቡን ካልተቀበሉት ምክንያቱን እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፉት፤ ቀጣዩ ጠያቂ እንዲያገኘው። ቀላል የሆነውን ለጀማሪ ይተዉ፤ ሊብሬኦፊስ «ኢዚሃክ» የሚለው ማለት ነው፤ ኮዱ የቱ ፋይል ውስጥ እንዳለ ካልጠቆሙ ግን ማንም አይነካውም።

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽን በ2009 «መቶ የወረቀት ቁስል» የሚል ዘመቻ አድርጎ ነበር፦ ተራ ተጠቃሚ የሚገጥመው፣ ለማስተካከል ግን ቀላል የሆነ እንቅፋት እየተለቀመ ይታረማል። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክትም በ2022 ፕሮግራሙን በከፈቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችን ለይቶ ማረም ጀመረ። ሁለቱም ወሰናቸውን ስላጠበቡ ተጠቃሚው ምን ማምጣት እንዳለበት አወቀ። «አጠቃቀሙን እናሻሽል» ብቻ ቢሉ ማንም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም ነበር።

ገንዘብ ቢከፈልበት ይፈጥናል?

ይፈጥናል፤ ግን ለሚገባው ሰው ሲከፈል ነው። ሊብሬኦፊስን ለሚያስተባብረው ፋውንዴሽን የሚሰጥ ልገሳ ሰርቨሩንና አስተባባሪዎቹን ይደግፋል፤ አንድን ባግ አያስቀድምም። የተወሰነ ማሻሻያ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት እንደ ኮላቦራ ካሉ ኩባንያዎች ጋር ይዋዋላል፤ ሥራው ግን ለሁሉም ይለቀቃል። የጀርመኗ የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮቿን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዛወር ወስናለች። የዚህን ያህል ተጠቃሚ ያለው መሥሪያ ቤት የሚያመጣው የችግር ዝርዝር የሌላውንም ሥራ ያቀላል።

ችግሬ «ተፈቷል» ተባለ። የቀረኝ ነገር አለ?

አዎ፣ ማረጋገጥ። «ፊክስድ» የሚለው ዴቨሎፐሩ ጨርሻለሁ ማለቱ ነው፤ «ቬሪፋይድ» የሚባለው ሌላ ሰው ሞክሮ ሲያየው ነው። በየቀኑ የሚገነባውን የሙከራ ቨርዥን ያውርዱ፤ ከዋናው ጎን ለብቻው ስለሚጫን የለመዱትን አይነካም። ሪፖርት ያደረጉበትን ፋይል ቅጂ (ዋናውን አይደለም) ከፍተው ያንኑ ደረጃ ይድገሙ። ከተስተካከለ የሞከሩበትን የቨርዥን መረጃ ለጥፈው ሁኔታውን ወደ «ቬሪፋይድ» ይቀይሩ። በከፊል ብቻ ከተስተካከለ የድሮውን አይክፈቱ፤ የቀረውን ለይተው አዲስ ሪፖርት ይጻፉና የድሮውን ቁጥር ይጥቀሱበት።